ከመርፌው በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘውዴ በጥቁር ፌስታል ሁለት ብልቃጥ መድኃኒትና አንድ ሲሪንጅ ይዘው በሬን አንኳኩ። ወገባቸውን ሲያማቸው ከርሟል። ጤና ጣቢያ ሄደው መርፌ ታዞላቸው ነበር፤ ወረፋው ረዘመባቸውና መድኃኒቱን ከፋርማሲ ገዝተው ወደ እኔ መጡ። «አንቺ እያለሽ ምን አንከራተተኝ፤ አንዴ ጠቅ አድርጊልኝ» አሉ። እምቢ አልኳቸው። ከፈለጉ አብሬያቸው ሄጄ ወረፋውን እንደምይዝላቸው ነገርኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ስትወጋ የኖረች ነርስ ደጇ ድረስ ለመጣ ጎረቤት እጇን መሰብሰቧ ኩራት መስሏቸዋል።

ኩራት አልነበረም። ምክንያቱ ግን በር ላይ ተቁሞ የሚነገር አይደለም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ።

ስሜ ወይንሸት ይባላል። ሥራ የጀመርኩት ጉርድ ሾላ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ያኔ ከጉርድ ሾላ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ከተጓዙ ጤፍና ስንዴ ነበር የሚያገኙት። ዛሬ ፎቅ የቆመበት የጎሮ ሜዳ የገበሬ ማሳ ነበር፤ ሕመምተኞቻችንም ግማሾቹ ከዚያው በእግራቸው የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩ። እንደ ደረስኩ የተመደብኩት መርፌ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ የምመኘው ማዋለጃ ክፍልን ነበርና አኮረፍኩ። መርፌ መውጋት ማንም የሚሠራው ነገር ይመስለኝ ነበር።

መርፌ ክፍሉን የያዙት ጋሼ ደቻሳ ነበሩ። በድሬሰርነት፣ ቁስል እያጠቡና እያሸጉ፣ ተቀጥረው፣ በየጊዜው ኮርስ እየወሰዱ እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። አጠር ያሉ፣ ዝምተኛ፣ ጋዋናቸውን ራሳቸው የሚተኩሱ። እዚያው አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ስለተወለዱ ከገበሬዎቹ ጋር በኦሮምኛ ያወሩ ነበር፤ ሰዉም «ዶክተር» ይላቸዋል። እሳቸው ግን በተጠሩ ቁጥር «እኔ ደቻሳ ነኝ» ብለው ያርማሉ።

ያኔ ሲሪንጁ መስታወት ነው፤ ይቀቀላል፣ ተመልሶ ይሠራል። መርፌውም እንደዚያው። ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ ጋሼ ደቻሳ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ጥጥ ላይ ጎተት ያደርጓቸዋል። ጫፉ ጥጡን ከያዘ ታጥፏል ማለት ነው፤ በድንጋይ ይሳላል፤ አልስተካከል ካለ ይጣላል። እኔ ቸኩዬ ሳልፈትሽ የመለስኩትን አንድ መርፌ አግኝተው ምንም ሳይናገሩ በእጄ መዳፍ ላይ ቀስ አድርገው ጎተቱት። አልደማሁም፤ ግን ገባኝ።

ብዙ ነገር ያስተማሩኝ እንዲህ ሳይናገሩ ነው። ሰው ሲገባ «አቶ እገሌ እርስዎ ነዎት?» ብለው አይጠይቁም። «ስምዎን ይንገሩኝ» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት አንዲት ጆሯቸው የደከመ እናት የሌላ ሰው ስም ጠርቼባቸው «አዎ» ብለው አልጋው ላይ ሲወጡ ነው። የያዝኩት መድኃኒት የእሳቸው አልነበረም። ጋሼ ደቻሳ ከኋላዬ ሆነው ስማቸውን ጠየቋቸው፤ እኔም ሲሪንጁን አስቀመጥኩ። የብልቃጡን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ያነባሉ፦ ከመደርደሪያ ሲያነሱ፣ ሲስቡ፣ ብልቃጡን ሲጥሉ። ሦስቱንም ጊዜ ድምፅ አውጥተው። ከማንበብ እስከ መውጋት ባለው ጊዜ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈቅዱም፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ እንኳን ገብተው ካናገሯቸው ሲሪንጁን አስቀምጠው ያዳምጧቸውና ጽሑፉን ከመጀመሪያ ጀምረው ያነባሉ።

ሰው ቆሞ አይወጉም። ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ የቸኮለም ይሁን ያልቸኮለ፣ ያስተኙታል። ከዚያ እጃቸውን ዳሌው ላይ አድርገው አጥንቱን በጣታቸው ፈልገው ያገኙታል። «ዓይንሽን አትመኚው፤ አጥንቱ ነው የማይዋሽሽ» ብለውኛል። ከስር የሚያልፈው የነርቭ ጅማት የትንሽ ጣት ያህል ወፍራም መሆኑን፣ እግርን የሚያዘው እሱ መሆኑን፣ አንድ ጊዜ ከተወጋ ሰውየው እግሩን እየጎተተ እንደሚቀር ያስረዱኝ በራሴ ዳሌ ላይ ጣቴን አስቀምጠው ነው።

የመጀመሪያውን መርፌ ስወጋ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሕመምተኛው ግዙፍ ገበሬ ነበሩ። ሲወጡ ለጋሼ ደቻሳ አፍሬ ነገርኳቸው። «የእጅሽን መንቀጥቀጥ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየው ያዩት ፊትሽን ነው፤ ፊትሽ ደህና ነበር» አሉኝ።

ከሁሉም በላይ ግን የማይረሳኝ በራቸው ነው። የመርፌ ክፍሉን በር ከፍተው ይተዉታል፤ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ድንገት ስለሚቆጣ፣ ፔኒሲሊን የተወጋ ሰው ሁሉ እዚያ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። እሳቸው ሌላውን እያከሙ በየመሐሉ ቀና እያሉ ያዩታል። «መርፌው ከሥጋ ሲወጣ ሥራው አላለቀም፤ ሰውየው በእግሩ ከግቢ ሲወጣ ነው የሚያልቀው» ይሉኝ ነበር። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ለእኔ አስረከቡኝ።

ከዚያ በኋላ እዚሁ ከተማ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ደመወዙ የተሻለ ነበር፤ ልጆቼም ትንንሾች ነበሩ። እዚያ የለመድኩት የደም ሥር ፍለጋ ነው። የሽማግሌ የደም ሥር ከቆዳ ስር ይንሸራተታል፤ በሙቅ ፎጣ ይሞቃል፣ ክንዱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ቆዳው በአውራ ጣት ሳብ ይደረጋል። የሚታየውን ትተሽ በጣት ሲነካ የሚነጥረውን ነው የምትመርጪው። በዚህ ጎበዝ ተባልኩ። ግን ወደዚያ ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ብዙው መርፌ የማያስፈልገው ነበር። ደከመኝ የሚል ሰው «ቢጫውን ግሉኮስ ስቀሉልኝ» ይላል፤ ክኒን ሲታዘዝለት እንዳልታከመ ይቆጥረዋል። አንዲት ደህና ወጣት ሴት ሠርግ ስላለባት ፊቷ እንዲያበራ ግሉኮስ ፈልጋ መጣች። አያስፈልግሽም ብዬ ሸኘኋት። ባለቤቱ ጠሩኝና እምቢ የማለት ሥልጣን እንደሌለኝ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ብቻ ቆይቼ ለቀቅኩ።

ቀጥሎ የገባሁበትን ጤና ጣቢያ ስም አልጽፍም። ከጎሮ ወዲያ ነው ማለት ይበቃል። ማሳው አልቆ ኮንዶሚኒየም በቅሏል፤ ከሁሉም የከተማው ማዕዘን ሰው መጥቶ ሰፍሯል። የመስታወቱ ሲሪንጅ ቀርቶ አንዴ ተወግቶ የሚጣለው መጥቷል፤ መርፌው ቢጫ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሁሉም ነገር ቀላል ሆኗል፤ ወረፋው ብቻ ከብዷል። ሰኞ ጠዋት ከበሩ እስከ ግቢው ዛፍ ድረስ ሰው ይቆማል።

እዚያ ነው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ የሚወስዱ ሕመምተኞች የተረከብኩት። ደርዘን ያህል ነበሩ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች። በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን አሟቸው፣ በደንብ ሳይታከሙ ቀርተው፣ ሕመሙ የልባቸውን በሮች ጎድቷል። መርፌው የተጎዳውን አያድስም፤ የጉሮሮው ሕመም ተመልሶ የባሰ እንዳይጎዳቸው ነው የሚጠብቃቸው። አንድ ወር ከዘለለ መከላከያው ይሳሳል። መድኃኒቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው። በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ወተት ይወፍራል፤ ቶሎ ካልተወጋ መርፌው ውስጥ ይረጋል፤ ከተጣደፉበት ሰውየውን ያስጮኻል። ቀስ ብሎ፣ በጥልቀት፣ ከደም ሥር ውጪ መሆኑን ሳብ አድርጎ አይቶ ነው የሚሰጠው።

ሐዊ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ስትመጣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ማሳቸው ለቤት ከተወሰደ በኋላ ጥበቃ ሆነዋል፤ እናቷ ወይዘሮ ጫልቱ አትክልት ይሸጣሉ። ሐዊ በዩኒፎርም ትመጣለች፤ ስትወጋ የእናቷን እጅ ትይዛለች፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልቀረችም።

አንድ ሰኞ ተመስገን የሚባል ወጣት ከሆስፒታል ወረቀት ይዞ መጣ። ቀለም ቀቢ ነው። ቤንዛቲን ለረጅም ጊዜ ሲወስድ ኖሯል፤ ሰፈር ቀይሮ ነው ወደ እኛ የተላከው። ከዚህ በፊት አስቸግሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አያውቅም አለኝ። ወረቀቱ ላይ ልቡ በጣም መጎዳቱ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ። ስሙን አስነገርኩት፤ ብልቃጡን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ግን አላስተኛሁትም። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ወረፋው ግቢውን ሞልቶታል። ጠረጴዛውን ደገፍ ብሎ ቆሞ ወጋሁት። ቁርስ በልቶ እንደሆነም አልጠየቅኩትም። «አለቀ?» አለኝ ፈገግ ብሎ። አለቀ አልኩት። አግዳሚው ላይ እንዲቀመጥ ነግሬው የሚቀጥለውን ጠራሁ።

ጥቂት ደቂቃ አልፎ ከውጭ ሰው ተጣራ። ስወጣ ተመስገን ወለሉ ላይ ነው። ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ የሚቀመጠውን አድሬናሊን ታፋው ላይ ወጋሁት፤ እግሩን ከፍ አደረግን፤ ኦክስጅን ሰጠነው፤ ልቡ ሲቆም ደረቱን ተጫንን። ተራ በተራ ስንጫን አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ጥፍሮቹ ስር ነጭ ቀለም ነበር። እህቱ ስትመጣ እጁን ይዛ ያንን ቀለም በጥፍሯ ስትፍቅ አየኋት።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። መጠኑ ትክክል፣ ቦታው ትክክል፣ ጥያቄው ተጠይቋል፤ መድኃኒቱ ሳይስማማው አልቀረም፤ ጥፋት የለባትም ተባለ። ወረቀቱን ሰጡኝ። ቤንዛቲን አቁሚ ያለኝ ሰው የለም። እኔው ነኝ ያቆምኩት። በሩ ላይ በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «ቤንዛቲን የሚሰጠው ሆስፒታል ብቻ ነው»። ለሚመጣው ሁሉ የሪፈር ወረቀት እጽፋለሁ። ኃላፊያችን አይተው አለፉ፤ እፎይ ያሉ መሰለኝ። ነገሩ ጥንቃቄ ይመስላል። ማንም ሊከሰኝ አይችልም።

ሐዊና እናቷ ወረቀቱን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ሁለት ታክሲ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እዚያ ደግሞ ይህ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ ነው ብለው መለሷቸው። ወደ እኔ መጡ፤ እኔ መለስኳቸው። እንዲህ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በአራተኛው ወር ቀሩ። እውነቱን ልናገርና ስላልመጡ ቀለለኝ። ምናልባት ሆስፒታሉ ተቀብሏቸው ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ስልካቸው ካርዱ ላይ ነበር፤ አልደወልኩም።

ከሰባት ወር በኋላ ሁለት ጎረቤቶች ሐዊን ደግፈው አስገቧት። እግሮቿ አብጠዋል። መተኛት አትችልም፤ ጋደም ስትል ትታፈናለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ትተነፍሳለች። ወይዘሮ ጫልቱ ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኹም። ፊቴን አይተው ቀስ ብለው «ሲስተር፣ እኛ እኮ መጥተን ነበር» አሉኝ።

አምቡላንሱ ውስጥ አብሬያቸው ገባሁ። ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም መርፌዋን መቼ እንዳቋረጠች ጠየቀ። ወይዘሮ ጫልቱ መሬት መሬት ያያሉ፤ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ሊወስዱ እንደሆነ ገባኝ። «እሷ አላቋረጠችም፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት» አልኩ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ስለ ተመስገን ነገርኩት። ተቀምጦ ሰማኝ። ልባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሁልጊዜ መድኃኒቱ ስላልተስማማቸው ላይሆን እንደሚችል አስረዳኝ። ሕመሙ፣ ድንጋጤው፣ ባዶ ሆድ፣ መቆሙ ተደማምሮ የደም ግፊቱን ያወርደዋል፤ ጤነኛ ሰው ተዝለፍልፎ ይነሳል፤ የደከመ ልብ ግን ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያሉትን አስተኝቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ፣ ማስታገሻ ቀድሞ ሰጥቶ መውጋት እንደሚሻል ነገረኝ። የተመስገን ጉዳይ ይህ ይሁን ያ ማንም በእርግጠኝነት ሊያውቅ እንደማይችልም አከለ። ለማጽናናት ነው ያለው። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ አስተኝቶ።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ደቻሳን ፍለጋ ሄድኩ። አያት አካባቢ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። አርጅተዋል፤ ብርጭቆ የሚይዙት በሁለት እጅ ነው። ሁለቱንም ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጁን ቆሞ ነው የወጋሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ጥፋትሽ አይደለም» እንዲሉኝ ነበር የጠበቅኩት፤ ለዚያ ነው የሄድኩት። አላሉም።

«እሱን ቆሞ የወጋሽው ወረፋ ስለበዛብሽ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «ያ ማንንም ያሳስታል። ልጅቷን የመለስሻት ግን ስለፈራሽ ነው፤ ምን እንደሚደርስባት እያወቅሽ።»

አለቀስኩ። እንዳለቅስ ተዉኝ። ፍርሃቱ እንዴት እንደሚሄድ ጠየቅኳቸው።

«አይሄድም። እየፈራሽ ውጊ» አሉኝ። «አስተኝተሽ።»

ሐዊ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። እብጠቱ ወረደ፤ ትንፋሿ ተመለሰ፤ የልቧ በሮች ግን የባሰ ተጎድተዋል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለና ስሟ ወረፋ ውስጥ ገባ። ከሆስፒታል ስትወጣ የሚቀጥለው መርፌ ከእኛ ጤና ጣቢያ እንዲሆን ተጻፈላት። እኔ ከዚያ በፊት ከበሩ ላይ ወረቀቴን አውልቄ ለሌሎቹ ሕመምተኞች አንድ በአንድ ደውዬ ነበር። አንዱን ስልክ ሌላ ሰው አነሳው፤ ሕመምተኛው ልጅ ወደ ክፍለ ሀገር መሄዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወይዘሮ ጫልቱ በቀጠሮው ቀን ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ግን ሌላ ሰው ይውጋት አሉ። ቅር አላለኝም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። ሌሎቹን ነርሶች ጠየቅኩ፤ አንዳቸውም አልደፈሩም። የተመስገንን ነገር ሁሉም ያውቃል፤ ፍርሃቴን ለሁሉም አውርሼዋለሁ። ወይዘሮ ጫልቱ ልጃቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ሐዊ ቆመች።

«እሳቸው ይውጉኝ» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

ቁርሷን እንደበላች ጠየቅኳት፤ አልበላችም ነበር። ከካፍቴሪያው ዳቦና ሻይ አስመጣሁላት። ማስታገሻ ክኒን ሰጥቼ ሌሎቹን እያከምኩ ጠበቅኩ። አድሬናሊኑን ከነሲሪንጁ በእጄ ርቀት አስቀመጥኩ። ብልቃጡን እንደ ጋሼ ደቻሳ በመዳፌ ይዤ አሞቅኩት፤ ቅዝቃዜው ከለቀቀ ያነሰ ያማል። በጎኗ አስተኛኋት፤ የዳሌዋን አጥንት በጣቴ ፈልጌ አገኘሁ። ሳብ አድርጌ አየሁ፤ ደም የለም። ከዚያ በጣም ቀስ ብዬ ገፋሁት። ትምህርት ቤት ምን እንደምትወድ ጠየቅኳት፤ ባዮሎጂ አለችኝ፤ ስለ ልብ የሚያወራውን ምዕራፍ ግን እንደዘለለችው ነገረችኝ። መርፌውን አወጣሁ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወረፋው ውጭ ይንጫጫል። ጣቶቼን የእጇ አንጓ ላይ አድርጌ የልቧን ምት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆጠርኩ። ምን ይሰማሻል አልኳት። «ምንም» አለችኝ። ወይዘሮ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሲወጡ አላመሰገኑኝም። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ግን ራሳቸው ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በየአራት ሳምንቱ ወጋኋት። ሌሎቹም ተመለሱ፤ አዳዲሶችም መጡ። ሥራ አዘገየሽ ተብዬ ከኃላፊዎች ጋር ተጨቃጭቄያለሁ፤ በመጨረሻ ለቤንዛቲን ብቻ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተፈቀደልኝ፤ ሁለት አልጋም ተጨመረልኝ። ሐዊ ከሁለት ዓመት በላይ ጠብቃ ከውጭ በመጡ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናዋን አገኘች። አሁን ጎሮ ውስጥ ልብስ ስፌት አላት፤ ሁለት ሠራተኞች ቀጥራለች። ደረጃ ስትወጣ አሁንም መሃል ላይ ታርፋለች። መርፌው አልቀረላትም። በየወሩ ምን ይሰማሻል ብዬ እጠይቃት ነበር፤ በየወሩ «ምንም» ትለኝ ነበር፤ ካርዷ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ ምንም፣ ምንም፣ ምንም እያለ ይወርዳል።

ጋሼ ደቻሳ በመካከሉ አረፉ። ለቅሶው ላይ የማላውቃቸው ብዙ የገበሬ ልጆች ነበሩ።

የመጨረሻው ረቡዕዬ የሐዊ ቀጠሮ ቀን ላይ ዋለ። ክፍሉን የምትረከበኝ ሲስተር ሰላም የምትባል ወጣት ነርስ ናት። ጎበዝ ናት፤ እጇ ከእኔ ይልቅ ይፈጥናል። ቤንዛቲን ግን ትፈራ ነበር፤ አልደበቀችኝም። ሐዊን ወግቼ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ሰላም ጥግ ላይ መድኃኒት ትቆጥራለች። ትንሽ ቆይታ ሐዊ፣

«ሲስተር፣ እኔን ሲወጉኝ ይፈሩ ነበር?» አለችኝ።

«በየወሩ» አልኳት። «ዛሬም።»

ጣሪያውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አውቅ ነበር» አለች። «እጅዎ አንጓዬ ላይ ሲሆን ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ነው ምንም የምልዎት። እውነት ከነገርኩዎት እንደገና የሚተዉኝ እየመሰለኝ።»

ምን እንደሚሰማት ጠየቅኳት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በእውነት የጠየቅኳት ያኔ መሰለኝ። መርፌው ከወጣ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ዓይኗ ላይ ጨለም እንደሚልባት፣ ጣቶቿ እንደሚደነዝዙ፣ አንዳንዴ ደረቷ እንደሚጨንቃት ነገረችኝ። ሁልጊዜ ያልፋል። ክረምት ላይ ይብሳል። ባለፈው ሐምሌ ከክፍሉ ከወጣች በኋላ በግቢው ግድግዳ ተደግፋ ቆይታ ነበር፤ እኔ በመስኮት እንዳላያት ከዛፉ ጀርባ ዞራ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት። አጥንቱን በጣቴ አገኘዋለሁ፤ የደም ሥሩን በጨለማ አገኘዋለሁ። ይህችን ልጅ ግማሽ ሰዓት እያየሁ አላየኋትም። ፍርሃቴን ከፊቴ የደበቅኩት መስሎኝ በእጄ ስነግራት ኖሬያለሁ፤ እሷም እኔን ላለማስፈራት የራሷን ሕመም ስትውጠው ኖራለች። ዓይኗ ላይ የሚጨልመው የደም ግፊቷ ሲወርድ ሊሆን ይችላል። ይህን ባውቅ ኖሮ ለሐኪሟ እጽፍላት ነበር፤ ማስታገሻውን ከፍ አደርግ ነበር፤ ከአልጋው ቶሎ አላስነሳትም ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እንዳትጠይቀኝ ለመንኳት። ከዚያ ሰላምን ጠራኋት።

«የነገርሽኝን ለእሷ ንገሪያት» አልኩ። «ሁሉንም። እኔን እንዳታዪ።»

ተነስቼ ወንበሩን ለቀቅኩ። ሰላም ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ፍርሃቱ በግልጽ ይታያል፤ ልትደብቀውም አልሞከረች። «እኔም እፈራለሁ» አለቻት ለሐዊ ቀጥታ፤ «ግን አልተውሽም። ከየት ነው የሚጀምርሽ?» ሐዊ ከዓይኗ ጀመረች። ረጅም ጊዜ አወራች። ሰላም በየመሐሉ እያስቆመቻት ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ በየትኛው እጅ ነው፣ በልተሽ ነው ሳትበዪ እያለች ትጠይቃታለች። ካርዱ ላይ ባለው ጠባብ መስመር አልበቃ ብሏት ሌላ ወረቀት አስገብታ ጻፈች። ግማሽ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። ሐዊ አሁንም ታወራለች።